ባዶው ቤትና ባጀን ኩምባ

«ቤቱ ባዶ ነው ጌታዬ፤ ዝንብ እንኳን የለበትም» ሲል ሰማችው ወንድሟን። ባጀን ኩምባ በዚያች ሰዓት ባዶ በተባለው ቤት ጓሮ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነክራ፣ የዚያኑ የወንድሟን ሸሚዝ እያጠበች ነበር። ዝንብም ነበር። አንዱ አፍንጫዋ ላይ፣ የቀሩት ደግሞ ትናንት በተበላው ዓሣ አጥንት ላይ ጉባኤ ተቀምጠዋል። ባቡካር ግን ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ቆልፎ፣ በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ እንግሊዝኛውን ያንቆረቁረዋል። ጸጥታ አለ፣ የባሕር ነፋስ አለ፣ ሰው የለም፣ ማንም የለም። ኩምባ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። በላስቲክ እያሰረች የምታቀዘቅዘውን ቀይ የአበባ ጭማቂ፣ ዎንጆውን፣ ለቱሪስት ስትሸጥ የለቃቀመችው ግን ይበቃታል። በተለይ ስለ ራሷ ሲወራ ጆሮዋ ይከፈታል። «ማንም የለም» የተባለችው እንግዲህ እሷ ናት። የሸሚዙን አንገትጌ ጨብጣ ጠመዘዘችው። ሸሚዙ ምን አጠፋ? አንገት ስላለው ብቻ።

«ባጀን» ማለት የአባት እኅት ማለት ነው። መጀመሪያ የወንድሞቿ ልጆች ናቸው እንዲህ ያሏት፤ ከዚያ የጎረቤት ልጆች ሰሙ፣ ከዚያ ዳቦ ሻጩ፣ ከዚያ ፖሊሱ። አሁን ባካው ከተማ ውስጥ ኩምባ ጆብን ያለ ባጀን የሚጠራት ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ቤቱን በዓሣ ገንዘብ የሠራው አባቷ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው እስካሁን ዓሣ ዓሣ ይላል እያሉ ሰዎች ያሾፋሉ። አራት ክፍል ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን ባቡካር ይዟቸዋል። ሦስተኛው ተከራይ ነበረበት፣ ባለፈው ወር ባቡካር አስወጣው። በጓሮ በኩል ያለችው አራተኛዋ የኩምባ ናት። ባሏ ሞቶ የሰርግ ሳህኖቿን በራሷ ተሸክማ ስትመለስ አባቷ «ይቺ ክፍል ያንቺ ናት» ብሏት ነበር፤ በአፍ ብቻ። ዛሬ እዚያች ክፍል ውስጥ አልጋ አለ፣ አጎበር አለ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ሳህን አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርም የዎንጆ ማቀዝቀዣ አለ። ኩምባ ሌላ መሄጃ የላትም። ሳህኖቹም የላቸውም።

ባቡካር ደላላ ነው። የፀሐይ መነጽሩን መብራት ጠፍቶ እንኳን ከግንባሩ አያወርድም። በዚያ ዓመት ደግሞ እኛ ዘንድ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ እንደ ማንጎ ነበር፤ ወቅቱ ደርሶ በየመንገዱ ይረግፋል። አገራቸው ብርድ ነው፣ የጡረታ ገንዘባቸውን ማሞቂያ ይበላባቸዋል። እዚህ ፀሐዩ በነጻ፣ ዓሣው በርካሽ፤ መጥተው ቤት ይገዙና በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ቲማቲም ይቀላሉ። የዋጋው ነገርማ አይነሣ! ጎረቤታችን ፋል የዶሮ ቤቱን ቀለም ቀብቶ ለአንዲት የስዊድን መምህርት ሸጠና መካ ደርሶ መጣ። ባቡካር የሰው ቤት ሲያሻሽጥ ከርሞ፣ ይሄን ጊዜ «የራሴስ?» አለ። ውጭ አገር ያሉትን ወንድሞቹን በስልክ ጠየቀ፣ እሺ አሉ። ጓሮ ያለችውን እኅቱን ለመጠየቅ ስልክ አያስፈልግም ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያልጠየቃት።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ጓሮ መጣ። መነጽሩን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ይሄ ሲሆን ልመና አለ ማለት ነው።

«እታለም፣ ዛሬ ብሪካማ ሄደሽ ዘመዳችንን አዋን ብታያት አይሻልም? ወልዳለች እኮ።»

«አዋ የወለደችው አምና ነው። ልጁ መሄድ ጀምሯል።»

«እንግዲያው ሲሄድ እዪው!»

ለመሳፈሪያ ብሎ መቶ ዳላሲ ሰጣት። ከባቡካር እጅ መቶ ዳላሲ ሲወጣ አይቻለሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣ። ኩምባ ገንዘቡን ሽርጧ ጫፍ ላይ ቋጠረችና እጇን አደራረቀች። እሱ እፎይ ብሎ ዶሮዎቿን እያሯሯጠ ጎረቤት ግቢ ማስገባት ጀመረ፤ ደላላ ዶሮ ሲያባርር ማየት ራሱ የሚከፈልበት ነገር ነው። እሷ የበዓል ቀሚሷን በብብቷ ይዛ ወደ መንገድ ወጣች፣ ጥጉን ታጠፈች፣ ብሪካማ የሚሄደውን መኪና እያየች አሳለፈችው። ከሰል ካውያ ያለው ሰውዬ ጋ ሄዳ ሰማያዊውን ቀሚስ አስተኮሰች። በቀረው ኮላ ገዛች፤ ሽማግሌ ፊት ጉዳይ የሚከፈትበትን፣ ተሰብሮ የሚታኘከውን መራራ ፍሬ። ባቡካር ሽማግሌ ፊት ቤት ሊሸጥ ሲሄድ ኮላ መያዝ እንደሚረሳ ታውቃለች፤ ልጅ ሆኖም ትምህርት ቤት ጫማውን ረስቶ ይሄድ ነበር፣ ተከትላ የምትሮጠው እሷ። እንዲህ አንጀቷ እየነደደ እንኳን ባዶ እጁን ሄዶ እንዲያፍር አልፈለገችም። ምን ታድርግ፣ ወንድም ነው። ከዚያ በጓሮው አጥር ቀዳዳ ገብታ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትልቁን ሻሿን አስራ፣ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። መኖሯን ብቻ ሰው እንዲያይላት ፈልጋለች።

ፈረንጁ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ስሙ ያፕ ነው፣ ሆላንድ አገር ትራም የሚባለውን የከተማ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ። ቁመቱ የኮኮናት ዛፍ ያክላል፣ ጉልበቱ የኮኮናት ፍሬ፣ ክፍት ጫማውን በካልሲ ተጫምቷል። ሌላ ፈረንጅ ቤት ሲያይ ቧንቧ ይከፍታል፣ ግድግዳ ያንኳኳል። ያፕ ግን ይቀመጣል። መጀመሪያ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ ዝም አለ፣ ተነሣ። ከዚያ የባቡካር ክፍል ወለል ላይ ተቀመጠ፣ ዝም አለ፣ ተነሣ። ባቡካር አብሮት ይቀመጥ ወይ ይቁም ግራ ገብቶት በየክፍሉ ግማሽ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቀዋል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት» አለው ያፕ። «ግን ወንበሩ ይሄድ ነበር። አሁን የምፈልገው የማይሄድ መቀመጫ ነው።»

«ይሄ ቤት የትም አይሄድም ጌታዬ» አለ ባቡካር።

ጓሮዋ ክፍል ጋ ሲደርሱ ባቡካር በሩ ፊት ተገተረ። ይቺ መጋዘን ናት፣ የተበላሸ ዕቃ ነው ያለባት፣ ቁልፉም ጠፍቷል አለ። ያፕ በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። የዚያ በር ቁልፍ ድሮም ሠርቶ አያውቅም። አጎበሩ ተገልጦ፣ ሰማያዊ ቀሚስ አልጋውን ሞልቶት፣ ሻሹ ትራሱ ላይ እንደ መርከብ ቆሟል። የተበላሸው ዕቃ ቀና አለና «እንደምን ዋልክ» አለው።

ባቡካር ፈገግ አለ። «የጎረቤት ሴትዮ ናት። ሙቀት ሲበዛባት እዚህ ትጋደማለች» አለ በእንግሊዝኛ። ለእሷ ደግሞ በወሎፍ ቋንቋ፣ ፈገግታው ሳይፈርስ፣ «እታለም፣ ብሪካማስ?» አላት።

«ልጁ ተኝቷል አሉኝ።»

«እዚህ ነው የምትኖሪው?» ብሎ ጠየቃት ያፕ።

ኩምባ «አዎ» የሚለውን እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ምላሷ ጫፍም ደርሶ ነበር። ግን ወንድምን ባዳ ፊት ውሸታም ማለት ራቁቱን ገበያ እንደማውጣት ነው። ዋጠችው፤ ሲወርድ ተሰማት። ያፕ ሳህኖቹን ከታች እስከ ጣሪያ አየና «ጎረቤቷ ብዙ ሳህን አላት» አለ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሯ አጠገብ፣ ቁጭ አለ። ማቀዝቀዣው አጉረመረመ። ከውጭ ባሕሩ ተሰማ። ከሁሉም ክፍል አብልጦ እዚህ ቆየ፤ ዐይኑን ጨፈነ፣ ጉልበቶቹን አሻሸ። «እዚህ ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ይሆነኛል።» ባቡካር በደስታ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገው። ኩምባ ግን እግሯን ሰበሰበች። ቤቱን ከመሸጥም ብሶ፣ ሰውዬው የወደደው የእሷኑ ክፍል ነው።

ወዲያው ወደ አልካሎው ቤት መንገድ ጀመሩ፤ አልካሎው የሰፈሩ አለቃ ነው፣ እሱ ፊት ካልሆነ ቤት አይሸጥም። በመንገድ ላይ ባቡካር እንግዳውን ያሰለጥነዋል። በቀኝ እጅህ ጨብጥ፣ ኮፍያህን አውልቅ፣ «ያፕ» የሚለውን ስም እዚያ እንዳታነሣው፣ ውሻ የጮኸ ነው የሚመስላቸው። «ሆቴል ያሉት ሰዎች የአገር ስም አውጥተውልህ የለ? እሱን ንገራቸው። ይወዱሃል።» ስሙ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። የባንክ ሒሳቡን ጠይቆታል፣ የልብ ሕመም እንዳለበት ጠይቆታል፣ ሚስት ተከትላው ትመጣ እንደሆነ ጠይቆታል። ስሙን ብቻ አልጠየቀም።

አልካሎው ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ባቡካር ሰላምታውን ጨርሶ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ሌላውን ኪሱን ፈተሸ። ኮላ የለም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያኔ ከኋላ የተተኮሰ ቀሚስ እየተንኮሻኮሸ መጣ፤ ኩምባ ኮላውን አልካሎው እግር ሥር አኖረችና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባቡካር ያመስግናት ወይ ያባርራት ሳይወስን ጊዜው አለፈበት።

«የጆብ ቤት ሰው ሁሉ ተስማምቷል?» አለ አልካሎው ኮላውን እየሰበረ።

«ሁሉም አባታችን። ቅር ያለው የለም።»

አልካሎው ኩምባን አየት አደረጋት። እሷ ምንጣፉን አየችው። እኅት ወንድሟን ሽማግሌ ፊት ብታዋርድ ክፍሏን ታተርፍ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰርግ ላይም ልቅሶ ላይም ከጎኗ የሚቀመጥ አይኖርም። ዝም አለች። ዝምታዋን ሁሉም እሺታ አድርጎ ቆጠረው፤ ዝምታ ምንጊዜም የሚደርስበት ይሄው ነው።

«እንግዲህ እንግዳው ስሙን ይንገረን» አለ አልካሎው።

ባቡካር ፊቱ በርቶ ጎሸመው። ያፕ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሆቴሉ አትክልተኛ ባስተማረው ወሎፍኛ፣ በየቃሉ እንደ ትራም እየቆመ፣ «ስሜ... ሞዱ... ንጃይ» አለ።

አንዱን ሽማግሌ ኮላው አነቀው።

ጆብ የሚባሉና ንጃይ የሚባሉ ቤተሰቦች ከጥንት ጀምሮ በቀልድ የሚሰዳደቡ ዘመዶች ናቸው። ጆብ ንጃይን አግኝቶ ካልሰደበ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። ፖሊስ ቢሆን፣ ሚኒስትር ቢሆን፣ አስከሬን ሊቀብር የሚሄድ ቢሆን፣ ንጃይ ከሆነ ይሰደባል፤ እሱም ይመልሳል፤ የተቆጣ ግን ነውሩ ለራሱ። ማን አስተዋይ ጆብ ቤቱን ሊሸጥለት ያለውን ሰው ንጃይ ነኝ ብለህ ተናገር ብሎ ሽማግሌ ፊት ያቆማል? ባቡካር የያፕን እጅጌ ጎተተ፤ ስሙን እንደ ሸሚዝ ሊያስወልቀው ይመስል። ረፈደ። ኩምባ ከተቀመጠችበት ተነሥታለች።

«ንጃይ!» አለች፤ መንገድ ላይ የነበረ አህያ ቆመ። «አንተ ድስት ላሽ! ካልሲ የለበስከው የሰረቅከውን ሩዝ ልትደብቅበት ነው? ያንተ አያት የእኔን አያት ፍየል እየጠበቀ አይደል ያደገው? አሽከሬ ሆነህ ደግሞ ቤት ልትገዛ! አሽከር ቤት ይጠርጋል እንጂ ይገዛል?»

ሁሉም ፈረንጁን አዩት። ቢቆጣ፣ ቢያለቅስ፣ ቢሮጥ። ያፕ ጆሮዎቹ ቀሉ። ከዚያ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ የአትክልተኛውን ትምህርት ከሆዱ እየጎተተ፣ «ጆብ... ሩዝ ብዙ ይበላል። ተኝቶም ይበላል። ሲነሣ... ማንኪያው አፉ ውስጥ!» አለ።

ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ተንፈራፈሩ። አልካሎው በነጭ ቀሚሱ እጅጌ ዕንባውን ይጠርጋል። አትክልተኛው ራሱ ንጃይ ስለነበር፣ ከሰላምታና ከአበባ ስም ቀጥሎ ለፈረንጁ ያስተማረው ይሄንኑ ነበር። ባቡካርም ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ።

ኩምባን ግን እንደ ተከፈተ ቧንቧ የሚያቆማት አልተገኘም። ለወንድሟ የማትለውን ለንጃይ ማለት ትችላለች፤ ማንም ዝም በይ ሊላት አይችልም፤ ነውር ነው። «ስማ አሽከሬ! የፈለግከውን ግዛ፤ በረንዳውንም ውሰድ፣ ጣሪያውንም ውሰድ። ቅድም የተቀመጥክባት የጓሮዋ ክፍል ግን የእመቤትህ ናት። ጠዋት ጠዋት ደጇን ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ሩዝ እጥልልሃለሁ!»

የአልካሎው ሳቅ ቀስ ብሎ ቆመ። «ባጀን ኩምባ፣ አሁንም እዚያ ቤት ነው የምትኖሪው? ባቡካር ባዶ ነው ብሎኝ ነበር።»

ባቡካር መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልግ መሰለ። ኩምባ ወንድሟንም አላየችውም፣ ለአልካሎውም አልመለሰችም። «ንጃይ፣ ተናገር! አሽከር ለእመቤቱ ይናገራል!» አለች።

ያፕ አሰበ። ወሎፍኛው ስላለቀበት ወደ እንግሊዝኛው ተመለሰ። «ጎረቤት ናት ተብዬ ነበር» አለ። «ግን አልጋው ሥር የሴት ጫማ ነበር፤ አንዱ አዲስ፣ ሁለቱ አሮጌ። ሰው አሮጌ ጫማውን ጎረቤት አያስቀምጥም። ትራም ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲሳፈርና ሲወርድ አይቻለሁ። ይቺ ሴት የተሳፈረች እንጂ የምትወርድ አትመስልም።»

አልካሎው ጢሙን ጎተት ጎተት አደረገ። ባቡካርን አንድም ቃል አልተቆጣውም፤ ዝም ብሎ ሲያየው ብቻ ባቡካር መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዐይኑ አወረደ። «ኮላው ተሰብሯል» አለ አልካሎው። «ጆብ ከንጃይ ክፍል ጠይቃለች። እኔ ፊት ንጃይ እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም፤ ማየትም አልፈልግም። ምን ትላለህ?»

«ክፍሉ የእሷ ነው» አለ ያፕ። «ግን» አለ፣ ጣቱን እንደገና ቀስሮ፣ «ጆብ ያለበት ቤት ዋጋው ይቀንሳል። ሩዝ ብዙ ይሄዳል። ሁለት ሚሊዮን ዳላሲ ተባብለን ነበር። አሁን አንድ ሚሊዮን ተኩል።»

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡለት። ባቡካር ራሱን በእጁ ይዞ ቁጭ አለ። ክፍሏን አግኝታ ዝም ማለት የምትችለው ኩምባ ደግሞ ይሄን ስትሰማ አበደች።

«በእኔ ምክንያት ነው የሚቀንሰው? በእኔ? ጆብ ያለችበት ቤት ረክሶ የት አየህ? ሌባ ሲመጣ ማን ይጮሃል? ካልሲህን ማን ያጥብልሃል፣ አላጥብልህም እንጂ! ብቻህን ታመህ ብትወድቅ ማን ለአልካሎው ይነግራል? አሮጌ አሽከር ያለ ሰው ቤት ውስጥ ይደርቃል! ሁለት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ!»

«እታለም፣ ሁለቱ ሚሊዮንም ደግ ነው...» አለ ባቡካር በቀጭን ድምፅ።

«ዝም በል አንተ የማትረባ ደላላ! የአባቴን ቤት በዶሮ ቤት ዋጋ ልትሰጥ ነው?»

ከሰዓቱ በዚህ አለፈ። ያፕ ተቀመጠ፣ ዝም አለ፣ ተነሣ፣ ጨመረ። ኩምባ ኮላ አኘከች፣ ሰደበችው፣ አልቀነሰችም። በመጨረሻ ሁለት ሚሊዮን ከአንድ መቶ ሺህ ላይ እጅ ተመታቱ። አልካሎው ጸሐፊውን ጠርቶ፣ የጓሮዋ ክፍል ዕድሜዋን ሙሉ የኩምባ መሆኗን አስጻፈ፤ ጭማሪው መቶ ሺህ የእሷ ነው፣ ከአባቷ ውርስ የሚደርሳት ድርሻ ሳይነካ። ያፕ ቅዳሜ ዕቃውን ይዞ እንዲገባ ተባባሉ፤ የፊተኞቹን ሦስት ክፍሎች፣ በረንዳውንና ጓሮውን ጨምሮ።

እኅትና ወንድም ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ባቡካር ከፊት ይሄዳል፣ ከዚያ ይዘገያል፣ ከዚያ ከኋላ ይቀራል። ኩምባ የጎረቤቱን በር አንኳኩታ ዶሮዎቿን ተቀበለች፣ እሳት አያያዘች፣ ሩዙን ጣደች፣ ዓሣውን ከፋፈለች። እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ሦስቱን ክፍሎች ተራ በተራ አየ። ብሩሱቢ በሚባለው ሰፈር ያስጀመረው የራሱ ቤት ግድግዳው ገና ከወገብ አላለፈም፤ ጣሪያ የሚባል ነገር የለውም፤ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። ከተማው ውስጥ ያለውን ክፍል ሁሉ ለፈረንጅ አከራይቶ የጨረሰው እሱ ራሱ ነው። ይሄን ሁሉ በልቡ ሲያዞር ሩዙ በሰለ። ከአንድ ሳህን በሉ። ኩምባ ከዓሣው ወፍራሙን ቁራጭ ወደ እሱ ገፋችለት። ሳያያት በላው።

«እታለም» አለ እጁን ታጥቦ።

«ወይ።»

«ቅዳሜ እኔ የት ነው የማድረው?»

ኩምባ ሳህኑን እየጠረገች አሰበች። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ማቀዝቀዣውም ሳህኖቹም አሉ፤ በጓሮው ያለው ጥላ ግን ፍራሽ ይችላል። ጓሮው ደግሞ አሁን የያፕ ነው።

«ባለቤቱን ጠይቀው» አለችው።

ባቡካር መነጽሩን አወለቀ። ማደሪያ ለምኖ አያውቅም፤ ያውም በራሱ አባት ጓሮ። ሸሚዙን አስተካከለ፣ ወደ ሆቴሉ ሊሄድ ተነሣ፣ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፣ ተመለሰ።

«ምን ብዬ ልጀምርለት?»

«መጀመሪያ ስደበው» አለችው።